ሁለተኛው ወንበር

የላቦራቶሪ ባለሙያው ክፍል መስኮት የለውም። የሚሠራበትን ጠቋሚ ሞለኪውል ብርሃን ያበላሸዋል። የጡት ካንሰር ዳነ ከተባለ በኋላ እንደገና የሚያቆጠቁጥባቸውን ግንድ ሕዋሳት ሞለኪውሉ ደም ውስጥ ፈልጎ ይጣበቅባቸዋል፤ ያን ጊዜ ማይክሮስኮፑ ሥር አረንጓዴ ያበራሉ።

ሰውየው ሚስቱን በዚሁ በሽታ ቀብሯል። ከዚያ ወዲህ ቤት የሚጠብቀው ሬዲዮ ብቻ ነው፤ እሱም ሲፈልገው ይናገራል፣ ሳይፈልገው ይዘጋል።

አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ጡቷን ከታከመች በኋላ ለምርመራ መጣች። ኮሪደሩ ይበርዳል ብሎ ውጤቷን ውስጥ ሆና እንድትጠብቅ አደረገ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ከቤቱ ወንበር አመጣላት። በእሷ ቀን ሸሚዙን ተኩሶ ይለብሳል።

ጨለማው ውስጥ ስለ ልጇ ታወራዋለች። ልጇ ሌላ ከተማ ወልዳ፣ መጥተሽ አብረን እንኑር እያለች ትወተውታታለች። እናት ግን ውጤቴ ሳይጠራ ንቅንቅ አልልም ብላለች። አራስ ላይ በሽተኛ መጨመር አልፈለገችም።

ሰውየው ዐይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ ብዙ ይቆያል። ከዚያ ውጤቱ አልጠራም፣ ይደገም ይላታል።

እንዲህ እያለ ከረመ። የልጅ ልጇ ዳዴ ማለት ጀመረ።

አንድ ቀን ነርሷ ኮሪደሩ ላይ አስቆመችው።

«ጋሼ፣ ለአስተማሪዋ ውጤቷን ይንገሯት እንጂ። እስከ መቼ ይደብቋታል?»

«እንዴት ብዬ?» አላት።

አንጀቷን በላው። ሚስቱ ትዝ አለቻትና መንገዱን ለቀቀችለት።

ዛሬ አስተማሪዋ የሕፃኑን ፎቶ ልታሳየው አምጥታ ነበር። ክፍሉ ጨለማ መሆኑ ትዝ ሲላት ሳቀችና ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

«እውነቱን ይንገሩኝ፣ እችለዋለሁ» አለችው። «ያ ነገር ተመልሷል አይደል?»

«ገና አልለየም፣ እትዬ።»

«እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር? ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው መቼስ።»

ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር አየ። ዛሬም አልጠራም፣ ሳምንት ይምጡ ሲላት ድምፁ ተሰበረ። እሷም ትከሻውን መታ መታ አድርጋ፣ አይዞዎት ብላው ወጣች።

ወንበሯን አስተካከለና ማይክሮስኮፑ ላይ ደግሞ ጎንበስ አለ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደነበረው ሁሉ፣ አንዲትም አረንጓዴ የምታበራ ሕዋስ የለችም።