ፍጻሜ የሌላቸው መጻሕፍት

የመንደሯ ቤተ መጻሕፍት ድሮ የወፍጮ ቤቱ መጋዘን ነበረች። እህል ይዘው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች በነገር ሲያደርቁት፣ ባለወፍጮው አፋቸውን ይይዝልኛል ብሎ አንድ መደርደሪያ መጽሐፍ አስገባ። መንደሩ ማንበብ የለመደው እንዲህ ዱቄት እየበነነበት ነው።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ወፍጮ መጣ። ወረፋው ጠፋ፤ አንባቢውም አብሮ ጠፋ። የወረዳው ሹም «ዓመቱ እስኪያልቅ ሰው ካልገባባት ትዘጋለች» ሲል፣ ዝንብ እንኳ ድርሽ አይልባትም ነበር።

የቀሩት የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ እትዬና ጡረታ የወጣው ፖሊስ አስር አለቃ ብቻ ናቸው። አስር አለቃን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ አላስቀምጥ ብሎታል። ያቺ ክፍል ከተዘጋች የት እንደሚውል አያውቅም፤ ይህ ደግሞ ያስፈራዋል።

አንድ ቀን የያዘውን ልብ ወለድ ሊጨርስ ሲል የመጨረሻው ገጽ የለም። ሌላ አነሳ፤ የዚያም የለም። በምላጭ ተቆርጧል።

«እትዬ፣ ሌባ ገብቶብናል።»

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?» አለች በነጠላዋ ዓይኗን እየጠራረገች። «እርስዎ እያሉልኝ? በሉ ይያዙልኝ።»

አስር አለቃ በሩ አጠገብ ወንበር ይዞ ጥበቃ ጀመረ። እትዬ ለወገቡ አሰበችና የገለባ ትራስ ሰፋችለት፤ ክሩን በምላጭ ቆርጣ አቀበለችው። ሲቀመጥበት ይንኮሻኮሻል። በየሰኞው «ጎድጉዷል» ብላ ትወስድና ሞልታ ትመልስለታለች።

ወሬው መንደሩን አዳረሰ። መጻሕፍቱን በወረፋው ዘመን ያነበቡ ሁሉ ፍጻሜውን እኛ እናውቃለን እያሉ መጡ። አንዱ «ልጅቷን አገባት» ሲል፣ ሌላው «ምን ያገባታል፣ ጥሏት ሄደ እንጂ» ይላል። ለመረታታት ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ይጀምራሉ። ክፍሏ ውስጥ መቀመጫ ጠፋ።

አስር አለቃ ዓይኑን የጣለው ፀጉር አስተካካዩ ላይ ነው። ምላጭ አለው፤ የመጽሐፉን ሁሉ መጨረሻ አውቃለሁ ባይም እሱ ነው። በወጣ ቁጥር ኪሱን ይፈትሸዋል።

«አስር አለቃ፣ እሱ ማበጠሪያ ነው» ይላል ሰውየው እጁን ወደ ላይ እንደሰቀለ። «ትናንትም ማበጠሪያ ነበር።»

ዓመቱ ሲያልቅ ሹሙ መጣና መቆሚያ አጣ። «ይቺንማ ማን ይዘጋታል?» ብሎ ሄደ። ስቃ አታውቅም የተባለችው እትዬ ቀኑን ሙሉ ፈገግ ብላ ዋለች። አስር አለቃም ደስ አለው፤ ሌባውን እጅ ከፍንጅ አለመያዙ ግን ከነከነው። በረጅሙ ተነፈሰና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

የትራሱ ስፌት ተተረተረና ከገለባው ጋር ገጾች ተዘረገፉ፤ ከላይ ባለው ላይ ሰውየው ልጅቷን አግብቷታል።