ዋስ የማያስፈልገው ሞተር

ሄኖክ ሞተሩን ለገዢ የሚያሳየው ሸዋ ሮቢት መሀል ከተማ አልነበረም። ወደ አጣዬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እትዬ አመለወርቅ ማንጎ ከሚሸጡበት ዛፍ ሥር ነው። ከተማ ውስጥ ደላላ ይበዛል። ደላላ ደግሞ እንደ ሄኖክ አባባል ከሌባ የሚለየው ኮሚሽን ስለሚጠይቅ ብቻ ነው።

ስለ ሌባ ማውራት ይወዳል። ዘመኑ ከፍቷል፣ ሰው በሰው መተማመን ቀርቷል ይላል። እትዬ አመለወርቅም ማንጎአቸውን እያገላበጡ እውነቱን እንደሆነ ይመሰክሩለታል።

ያን ቀን ግን ሞተሩ የግድ መሸጥ ነበረበት። ጥሎሽ የሚቀርብበት ቀን ደርሷል፤ የእጮኛው የማህሌት አባትም ባዶ እጁን ለመጣ ሰው ልጃቸውን እንደማይሰጡ አስቀድመው አስታውቀውታል።

ገዢው ማሕሙድ የሚባል ቀጭን የእንስሳት ሐኪም ነበር። ከማጀቴ በሚኒባስ ነው የመጣው። በክንዱ ያረጀ ሄልሜት አንጠልጥሏል። ሄኖክ ሄልሜቱን ሲያይ ደስ አለው። ይህ ሰው ለመግዛት ቆርጦ ነው የመጣው አለ በልቡ።

ወዲያው ሞተሩን ማወደስ ጀመረ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ያመላልሳል። ቅዳሜ የገጠሩን ኮረኮንች ይበላዋል። እሑድ ደግሞ ጣርማ በርን ወጥቶ ቆላ ለሰለቸው ሰው ብርድ ያስቀምሳል። ሁለት ኬሻ ማሾ ቢጭኑበት አይከብደው፣ ፍየል ቢያፈናጥጡበት አይቀየም።

«ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ አያመነታም?» አለ ማሕሙድ።

ሄኖክ ደነገጠ። «በምን አወቅህ?»

«የዚህ ዓይነቱ ሞተር ሁሉ አመሉ ነው።»

ማሕሙድ ቁልፉን ጠየቀ። ሄኖክ ሞተሩን ሮቢ ወንዝ ሲያጥብ እንደጠፋበት ነገረው። ቁልፍ ሠሪ በአንድ ቀን ያወጣለታል፣ እስከዚያው ሽቦ እያገናኙ ማስነሣት ነው።

«አላህ ይተካልህ» አለው ማሕሙድ። ከልቡ ያዘነለት ይመስል ነበር።

ከዚያም ትንሽ ነድቼ ልሞክረው አለ። እትዬ አመለወርቅ ሄኖክን በዓይናቸው ጠቀሱት፤ ዋስ ሳይጠራ እንዳትሰጠው ማለታቸው ነው። ሄኖክ ግን ፈገግ ብሎ ሰጠው። ማሕሙድ ሄልሜቱን አጠለቀና አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ለማታውቀው ሰው?» አሉት።

ሄኖክ ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። ታንከሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ጉሮሮ አያርስም። ማደያ ቢደርስ እንኳ የታንከሩ ክዳን ያለ ቁልፍ አይከፈትም። መንገድ ላይ ቆሞበት ገፍቶ ይመልሰዋል እንጂ የትም አይደርስም።

«ዋሱ ይኸው ነው፣ እትዬ። የሌባን ነገር ለእኔ ተዉት።»

የዛፉ ጥላ ዞረ። ማሕሙድ አልተመለሰም። እትዬ አመለወርቅ ለፖሊስ ደውል ብለው ስልካቸውን አቀበሉት። ሄኖክ ፖሊስ የራሱ ሥራ እንደሚበዛበት ነገራቸው። እሺ ታርጋው ስንት ነው አሉት። አላስታወሰም።

«የገዛ ሞተርህን?»

«ሙቀቱ ነው» አለ ሄኖክ ግንባሩን እየጠረገ።

በመጨረሻ ባለ ባጃጁን ደረጄን አስቁሞ ሞተሩ በሄደበት አቅጣጫ ንዳው አለው። ደረጄ ነገሩን ሲሰማ ከሄኖክ ብሶ ተንጨረጨረ። የሰው ላብ የሚሰርቅ እጁ ይቆረጥ እያለ መንገዱን በሙሉ ሲራገም ሄደ። ሄኖክም በየመሀሉ አሜን ይላል።

ማደያው ጋ ሲደርሱ ማሕሙድን አዩት። ረጅሙን ወረፋ ይዞ፣ ሞተሩን ተደግፎ ቆሟል። ከኋላው አንድ ፖሊስ ተሰልፏል።

ደረጄ ሊወርድ ሲል ሄኖክ ያዘው። «ቆይ። ክዳኑ ጋ ሲደርስ ፊቱን ልየው።»

ወረፋው ደረሰ። ቀጂዋ ማሕሙድን ክፈተው አለችው። ማሕሙድ ከደረት ኪሱ በአረንጓዴ ክር የታሰረ ቁልፍ አወጣና ክዳኑን ከፈተ።

«ጩህ እንጂ፤ ፖሊሱ እኮ እዚሁ ነው» አለ ደረጄ።

ሄኖክ ወንበሩ ላይ ዝቅ አለ። «አዙረው» አለው።