«አረፍ በይ አለኝ ጌታዬ»

በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ነው። በቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው የሚስዮን ጸሎት ቤት አዲስ የመጣው ወጣት ሰባኪ፣ በመጀመሪያው እሑድ «አረፍ በይ አለኝ ጌታዬ» የሚለውን መዝሙር ከማስጀመሩ በፊት የደራሲዋን ታሪክ ነገራቸው። ባሪያ ነጋዴዎች ከከፋ በሰንሰለት አስረው ነዷት። መዝሙሩን በዚያ ጉዞ ላይ ደረሰችው። አብረዋት የተነዱት እየዘመሩ ለዚህ አበቁት፤ እሷ ግን ነጻነቷን ሳታይ በረሃ ላይ ወድቃ ቀረች።

«ለእሷ ክብር ሁላችንም ቆመን እንዘምር» አለ።

ምእመናኑ ተነሡ። በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ግን ከአግዳሚያቸው ንቅንቅ ሳይሉ፣ ከሁሉም በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መዘመር ጀመሩ። ሰባኪው እጁን አንሥቶ ዝማሬውን አስቆመ።

«እማማ፣ እግርዎን ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

«እንግዲያው ይነሡ እንጂ። ይህ መዝሙር እኮ ቁጭ ተብሎ አይዘመርም።»

«ቁጭ ተብሎ ነው የሚዘመር።»

«ማን አለ?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፉና ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረጉ።

«እኔ። ወድቄስ ነበር፤ አልቀረሁም። ያን ጊዜ ለአፍታ ቁጭ ያለ ሰው ይገረፍ ስለነበር፣ መዝሙሩን እየሄድኩ ነው የደረስኩት። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ልዘምረው ምያለሁ» አሉት። «አንተ ቁም፣ ልጄ። አንተን የነዳህ የለም።»