አራተኛው ችንካር

«አልወጣ አለኝ እኮ!» አሉ ወይዘሮ አልታየሽ፤ የእንጨቱን ችንካር በሁለት እጃቸው ይዘው እየጎተቱ። «ጋሽ እንግዳወርቅ፣ በማስቲሽ ነው እንዴ የለጠፉት?»

እንግዳወርቅ ምንጣፉ ላይ በርከክ እንዳለ ቀና ብሎ አያቸው። ሦስቱ ችንካሮች በሁለት ጣት ወጥተውላቸዋል። አራተኛው ግን ንቅንቅ አላለም።

ይህ የአበባ መቆሚያ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ከወር በፊት የሠራው በስልክ በነገሩት ልክ ነበር። «ከወለሉ ሁለት ክንድ ከስንዝር ከፍ ይበልልኝ» ብለውት፣ እሱም በሰው አገር፣ ዊልስደን በሚባል ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤቱ ተቀምጦ በገዛ ክንዱ ለክቶ ቆረጠ። አርባ ዓመት ሙሉ አናጢ የነበረ ሰው! ከዚያ በሁለት አውቶቡስ ተሸክሞት እሳቸው እስከሚኖሩበት ዋይት ሲቲ ድረስ መጣ። ሰባተኛ ፎቅ ወጥቶ ከመስኮቱ ሥር ሲያቆመው፣ ወደ ውስጥ የሚከፈተው መስኮት ከጤና አዳሙ ማሰሮ ጋር ተላተመ።

«የእርስዎማ ክንድ የጎልያድ ነው!» ብለው ነበር ሴትዮዋ፣ እንባቸው እስኪመጣ ስቀው። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን በመቆሚያው እግር ላይ አጋደሙና «የሰው ክንድ ማለት ይኸውልዎ!» አሉት። ሜትሩ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ማውጣቱን ረሳው። ያን ቀን ሽሮ አቀረቡለት። እስኪመሽ ስለ ሟች ባላቸውም፣ ዌምብሊ ስለምትኖረው ልጃቸው ስለ ቢታንያም ሲያጫውቱት ቆዩ። ሲወጣ ደግሞ «እንግዲህ ተመልሰው መምጣትዎ ነው» አሉት። ያችን ቃል እስከ ዊልስደን ይዟት ሄደ።

ቤቱ ገብቶ እርሳስ ሲያነሣ የክንዳቸውን ልክ እንዳላወቀ ተገለጠለት። ደውሎ መጠየቁ አሳፈረው። ስለዚህ በአራቱም እግሮች ላይ በየሁለት ጣቱ ቀዳዳ በሳ፤ ሳንቃው የሚያርፍባቸውን አራት ችንካሮች ጠረበ። ችንካሩን ነቅሎ ወደ ፈለጉት ቀዳዳ ማዛወር ነው፤ ሳንቃው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ሲጨርስ በሥራው ኮራ። ሦስቱን ችንካሮች ልስልስ እስኪሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጋቸው። አራተኛውን በቀዳዳው ሞከረው፤ ጠበቀ። ብርጭቆ ወረቀቱ እጁ ላይ ነበር። ጥቂት አመነታና ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

«ዕፅዋቱ ሲያድጉስ?» አሉ አሁን ወይዘሮ አልታየሽ።

«አንድ ቀዳዳ ዝቅ ማድረግ ነው። ሲከረከሙ ደግሞ ከፍ።»

«እኔው ራሴ?»

«እርስዎው ራስዎ።»

ይህን ካለ በኋላ ነው ያለውን የሰማው።

«ጎሽ! ከእንግዲህ አላስቸግርዎትማ!» ብለው ደስ አላቸውና እንደገና ችንካሩን ያዙት። «ይህችኛዋ ብቻ እንቢ አለችኝ። ጣቶቼን ደግሞ ብርድ ገብቷቸዋል። ለዚህች ለአንዲት እንጨት እርስዎን በየወሩ ከዊልስደን መጥራት ነው? ነውር ነው።»

«ግድ የለም፣ እመጣለሁ» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። በወር አንድ ቅዳሜ። ቢበዛ ዐሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ወሬ። ሌላ ሰው ስሙን ጠርቶ ካዋራው ሳምንቱ ነው።

ሴትዮዋ ጣታቸውን እያሻሹ ነበር። የአውራ ጣታቸው ጫፍ ቀልቷል።

ሙያውን ያስተማሩት አቶ ፀሐዬ «ባለቤቱ መልሶ የሚጠራህ ከሆነ አልሠራህለትም» ይሉ ነበር። እንግዳወርቅን በአርባ ዓመት አንድም ሰው መልሶ አልጠራውም። የጠሩት እኚህ ሴትዮ ብቻ ናቸው፤ እሱም በክንዱ ጥፋት።

«እስቲ ለእኔ ይተዉት» አለ። ችንካሩን በመዶሻ ጫፍ ከኋላ መታ አድርጎ አወጣው። ከቦርሳው ብርጭቆ ወረቀቱን አውጥቶ ይፈትገው ጀመር። ዱቄቱ ጉልበቱ ላይ ሲረግፍ ሴትዮዋ «ኧረ ምንጣፌን!» አሉና ጋዜጣ አነጠፉለት። ቀዳዳው ውስጥ ከተተው፤ አወጣው፤ እንደገና ፈተገው። አልቸኮለም። ቢታንያ ስድስት ሰዓት ላይ መጥታ እናቷን ልትወስዳቸው ስለሆነ ሻይ የለም፤ ይህን ገና ሲገባ ነግረውታል።

«አሁን ይሞክሩት።»

በሁለት ጣት ወጣላቸው። «እሰይ! እጅዎ ይባረክ!» አሉ። ሳንቃውን በአምስተኛው ቀዳዳ ላይ አሳረፈና ጤና አዳሙን፣ በሶብላውን፣ እሬቱን ደረደረላቸው። መስኮቱን ከፈተው፤ ቅጠሎቹን ሳይነካ አለፈ። ልካቸው አምስተኛው ቀዳዳ ነበር።

በሩ ድረስ ሸኙት። «እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፤ ሰው አይጠፋ» ብለው ዘጉ።

ኮሪደሩ ላይ የሊፍቱን ቁልፍ ተጭኖ ቆመ። ሊፍቱ ዘገየ። ከበሩ ጀርባ ማሰሮዎቹ አንድ በአንድ ወለል ላይ ሲቀመጡ ሰማ። ሴትዮዋ ብቻቸውን እየሞከሩት ነው። አንዱ ችንካር ገባ፤ ጠቅ አለ። ሁለተኛው ጠቅ አለ። ሦስተኛው።

ከዚያ ጸጥ አለ።

እንግዳወርቅ ቦርሳውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረ። ሊፍቱ መጥቶ ተከፈተ፤ ባዶውን ጥቂት ቆየና ተመልሶ ተዘጋ። እሱ ፊቱን ወደ በሩ እንዳዞረ ነበር።

ጠቅ።

ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን አነሣና የሊፍቱን ቁልፍ እንደገና ተጫነ።