በየሁለት ሰዓቱ

አንሶላውን ስስበው እምቢ አለኝ። ደግሜ ሳብ ሳደርገው እማማ ኡሙሀኒ ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከዳሌያቸው በታች ጨርቁ ከገላቸው ጋር ተጣብቋል። በለብታ ውሃ እያራስኩ ቀስ ብዬ አላቀቅኩት። መዳፌን የሚያህል ቁስል ነው፤ መሐሉ ጠቁሯል። ሽታውም ያን ጊዜ መጣ።

“ምነው ሳይነግሩኝ?”

“አብሽሪ ልጄ። አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ” አሉ፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ።

የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አዋሽ ከተማ፣ በአዋጅ ከተወረሰ የነጋዴ ቤት ውስጥ ቀበሌው የከፈተው ነው። ስምንት አሮጊቶችን የምንከባከብ ሁለት ሴቶች ነበርን። ጓደኛዬን ውባየሁን ለጥጥ ለቀማ ዘመቻ ከወሰዷት አስራ አንድ ቀን ሆኗል፤ ብቻዬን ነኝ። ዓይነ ስውሯ እማማ ንጋትወርቅ ከነጋ ጀምረው “ውሃ! ዝንቡን አባሪልኝ!” ይላሉ። አንዷ ከአልጋቸው ይወድቃሉ፤ ሌላዋ ዘማች ልጃቸው የመጣ እየመሰላቸው ወደ በሩ ይወጣሉ። ድምፅ ወደሰማሁበት ስሮጥ እውላለሁ።

እማማ ኡሙሀኒ ግን አይጣሩም። ከወሎ ወርደው ዲቾቶ በምትባል የበረሃ ከተማ ሠላሳ ዓመት ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ሲያቀርቡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ሰው ማስቸገር አይሆንላቸውም። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በራሳቸው መገላበጥ አይችሉም። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ከራስጌያቸው በተሰቀለው ወረቀት ላይም መፈረም የእኔ ሥራ ነው። ውባየሁ በሄደች ማግስት “ላገላብጥዎት?” ብላቸው “እነዚያ ይብሳሉ፣ እነሱን እይ” አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ መጠየቁንም ተውኩት። ወረቀቱ ላይ ግን ፈርሜያለሁ። በየሁለት ሰዓቱ፣ አስራ አንድ ቀን።

ግቢው ውስጥ የብስክሌት ድምፅ ሰማሁ። ሐሙስ ነበር፤ ቁስል የሚያክመው የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ሀብተ ሥላሴ የሚመጣበት ቀን። እጄ ሳላዘው አንሶላውን መልሶ አለበሳቸው።

ሀብተ ሥላሴ ወጣት ነው፤ ሁላችንም ዶክተር እንለዋለን። በየአልጋው እየቆመ የእያንዳንዷን ሁኔታ ጠየቀ። እማማ ኡሙሀኒ ጋ ሲደርስ “አልሃምዱሊላህ” አሉት። ወረቀቱን አየት አድርጎ “ጎበዝ፣ ስንቅነሽ” አለኝና አለፈ።

በዚያ ወር የቀበሌው መጋዘን ጠባቂ በሐሰት ፈርሟል፣ አሻጥረኛ ነው ተብሎ ታስሯል። ሚስቱ በየቀኑ ስንቅ ይዛ በደጃችን ስታልፍ አያታለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። አንሶላው ላይ ግን እርጥበቱ ቀስ እያለ ሲወጣ ታየኝ።

“ዶክተር፣ አንዴ ይመለሱ።”

አንሶላውን ገለጥኩለት። ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ ተንበረከከና ብዙ አየ።

“ይህ የአንድ ቀን ነገር አይደለም” አለ።

አፌን ሳልከፍት እማማ ኡሙሀኒ ቀደሙኝ። “ጥፋቱ የኔ ነው። ወላሂ! እሷማ ልታገላብጠኝ ስትመጣ፣ አትንኪኝ ብዬ የማባርራት እኔ ነኝ።”

እኚህ ሴት መነሳት ቢያቅታቸው ተኝተው፣ በዓይናቸው ብቻ እየጠቆሙ አንድም ሶላት ሳያሳልፉ የሚሰግዱ ናቸው። ለኔ ሲሉ በአላህ ስም በሐሰት ማሉ።

ሀብተ ሥላሴ ወረቀቱን ከግድግዳው አወረደ። “እምቢ ካሉ ታዲያ ይህ ሁሉ ፊርማ ምንድን ነው?”

እማማ ኡሙሀኒ እኔን አዩኝ።

“ውሸት ነው” አልኩት። “አንድ ቀን እንኳ አላገላበጥኳቸውም። ስለማይጮሁ ረሳኋቸው።”

“የሚያመጣብሽን ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ።”

ብዕሩን አውጥቶ አስራ አንዱን ቀን በአንድ መስመር ሰረዘና ከሥሩ “አልተገላበጡም” ብሎ ጻፈ። አስፈረመኝ። “ለቀበሌው ሊቀመንበር ይደርሳል። ለስምንት ሰው አንድ ሠራተኛ መተዋቸውንም እጽፋለሁ። አሁን ነይ፣ ያዢልኝ።”

ኋላ የሚተካኝ ሰው ስለጠፋ አላሰሩኝም፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ውባየሁም በሳምንቱ ከጥጥ ማሳው ተመለሰች። ቁስሉ ሲደርቅ ግን አምስት ወር አልፎ ነበር።

ያን ሐሙስ ግን ካስፈረመኝ በኋላ ሀብተ ሥላሴ ቁስሉን በጨው ውሃ አጥቦ የጠቆረውን በመቀስ ማንሳት ጀመረ። እማማ ኡሙሀኒ የሻሻቸውን ጫፍ ነከሱ። ግንባራቸው በላብ ተጠመቀ፤ ትንፍሽ አላሉም።

“ይጩኹ፣ እማማ” አልኳቸው።

“ሰው ይረበሻል።”

“ይረበሽ! እርስዎ ካልጮሁ እኔ በምን አውቃለሁ?”

ቀና ብለው አዩኝ። ፋሻው ከታሰረ በኋላ እኔ ከትከሻቸው፣ እሱ ከዳሌያቸው ይዘን ወደ ግራ ጎናቸው ስናዞራቸው ሻሹ ከአፋቸው ወደቀ።

“ወይኔ ወገቤን! ቀስ በይ እንጂ! ጆንያ አደረግሽኝ እንዴ?”

ሁለት ዓመት ሙሉ በሚቀጥለው አልጋ የተኙት ዓይነ ስውሯ እማማ ንጋትወርቅ ከትራሳቸው ቀና ብለው ጆሯቸውን ወደኛ አዘነበሉ።

“ስንቅነሽ፣ አዲስ ሰው አስገባችሁ እንዴ?”