ወፍ የዘራችው በቆሎ

በአሜሪካዋ ነብራስካ ሽማግሌው ገበሬ ኦርቪል አፈሩ እንዲያገግም መሬቱን ሣር አልብሶ ጦም እንዲያሳድር መንግሥት በየዓመቱ ይከፍለው ነበር። ተቆጣጣሪዋ፣ የጎረቤቱ ልጅ ማርሊስ፣ ከሣሩ መሀል በቆሎ አገኘች።

"ወፍ የጣለችው ዘር ይሆናላ፣ ልጄ" አለ ኮፍያውን እያሻሸ።

ማርሊስ ጎንበስ ብላ በአንድ ዓይኗ አነጣጠረች። በቆሎው ውልፍት ሳይል እስከ አጥሩ ቀጥ ብሏል።

"ጋሽ ኦርቪል፣ የነብራስካ ወፍ ከመቼ ወዲህ ነው ገመድ ወጥራ መዝራት የጀመረችው?"

"እጄ አላርፍ ብሎኝ ነው።"

ሳቋን አፈነች። "ሰኞ አለቃዬ ይመጣል። ከዚህም ከዚያም ነቅለው ያጣሙት፤ እኔ በወፏ አሳብባለሁ። አለዚያ ክፍያው ይቀርብዎታል።"

ኦርቪል አመስግኖ አንዱን አገዳ ጨበጠ። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አየው። ከዚያ አገዳውን ለቀቀና ሥሩ ላይ አፈር መለሰለት።

"ክፍያው ይቅርብኝ፣ ልጄ" አለ። "በስተርጅናው መስመር ጠመመበት ከምባል።"