ከጠረጴዛው ሥር

“ኮምፒውተር ነው ምድጃ?” አለ ዋርሳዋ፣ ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ሥር እንደቀበረ። “ምን ከፍተሽበት ነው እንዲህ የሚያለከልከው?”

“ምንም” አለች ሙሽሪት። ካገባች ዓመታት ቢያልፉም የባሏ ቤተሰብ ዛሬም ሙሽሪት ነው የሚላት።

እውነቷን ነው። የቤት ፕላን የምትሥልባቸው ሁለቱ ስክሪኖች ባዶአቸውን በርተዋል። ከሥር ያለው ሣጥን ግን ማራገቢያው ያጓራል፣ ብረቱ ይፋጃል። ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ሙያው ኮምፒውተር መጠገን ነው፤ የጠራው ባሏ እንጂ እሷ አይደለችም።

“አገኘሁት” አለ ብቅ ብሎ። “አንዱ ስክሪንሽ ፈጣን ነው፣ አንዱ ቀርፋፋ። ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ሁለቱን አጣጥሞ ለመያዝ ሲል ሥራ ሳይኖረውም አያርፍም። ቁርጥ እማዬን! ቁጭ ብላ የሁለት ቤት ሐሳብ ታስባለች።”

ሙሽሪት ሳቀችለት፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ብርዱ ከገባ ወዲህ አማቷ ከሰዓት ከሰዓት በርጩማቸውንና የሚሠሩትን ሹራብ ይዘው እዚህ ክፍል ይመጣሉ። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ከሣጥኑ ያስጠጋሉ። ብዙም አያወሩም። ሙሽሪት ግን ከምሳ በኋላ ጆሮዋ በሩ ላይ ነው። እሑድ ሴት ልጃቸው “የኔ ቤት ይሞቃል” ብላ ልትወስዳቸው ትመጣለች። እሳቸው እሄዳለሁም አልሄድምም አላሉም። ሙሽሪት “አይሂዱብኝ” ልትላቸው እያሰበች ሳትላቸው ሰንብታለች።

“ብትተወውስ? ብዙም አልረበሸኝ።”

“ተቃጥሎ የሣልሽውን ሁሉ ይዞት ይሂድ?” ፈጣኑን ስክሪን ከቀርፋፋው ጋር እኩል አደረገው። ማራገቢያው ድምፁን እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ። “በቃ! ምነው ፊትሽ? ኮምፒውተር እኮ ነው ያዳንኩልሽ፣ ሰው የሞተብሽ ትመስያለሽ!”

አመስግና ሸኘችው። ተመልሳ ሣጥኑን ዳሰሰችው፤ ለብ ብሏል። ቆይታ ስትነካው ጭራሽ ቀዝቅዟል። የት ጋ ገብቶ እንዳስተካከለው አይታለች። እዚያው ማስተካከያ ውስጥ ገባችና ጣቷን ማውሱ ላይ አድርጋ፣ እንደነበረ ልመልሰው ወይስ ልተወው እያለች ታመነታ ጀመር።

በሩ ተከፈተ።

አማቷ በርጩማቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። ጫማቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን ዘረጉ። ሙሽሪት ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

“ቀዝቅዟልሳ!”

“አዎ እማማ… ተሠራ።”

“እሰይ። እሱ ልጅ እጁ ይባረክ።”

አሁን ይነሳሉ ብላ ጠበቀች። የበርጩማው እግር ወለሉን ሲፍቅ ሰማች። እየራቀ ግን አልነበረም። ከጠረጴዛው ሥር አንድ እግር ወዲያ ወዲህ ሲፈልግ ቆየና ነጠላ ጫማዋን ወደ ጎን ገፋ አደረገው። ከዚያ ወፍራም ካልሲ ያጠለቁ፣ እንደ ድንጋይ የቀዘቀዙ ሁለት እግሮች በባዶ እግሯ ላይ ዐረፉ።

“ከበድኩሽ?”

“ኧረ እማማ፣ አልከበዱኝም።”

“እሑድ ልጄ ስትመጣ ጥሩ ምሳ እናብላት። በልታ ትሂድ።”

“እሷ… ብቻዋን?”

“እና ማን ይሸኛት ኖሯል? መንገዱ አይጠፋት።” ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው መርፌዎቹን አነሱ። “ምነው እጅሽ ቆመ? ሥሪ እንጂ። ነይ እስቲ ትናንት የሣልሻትን ቤት አሳዪኝ። ያቺ ጠባብ መኝታ ቤት አንጀቴን በልታኛለች፤ ሰው ተኝቶ መገላበጥ የለበትም?”

ሙሽሪት ምንም ሳትነካ ከማስተካከያው ወጣችና ፕላኑን ከፈተች። እግሮቿን ንቅንቅ ሳታደርግ፣ የመኝታ ቤቷን ግድግዳ በማውሱ ይዛ በቀስታ ወደ ውጭ ገፋችው።